ዴዮ ናራያን ቁጠባን ከስልክ ሲማር

ጎረቤቴ ዴዮ ናራያን በደሴታችን በላምባሳ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገዳ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ድስት ከፍቶ ውስጡን አይቶ አያውቅም። ምግብ ለእሱ እንደ ፋብሪካው ጡሩንባ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ነበር። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ባሕር ማዶ በዋናዋ ከተማ በሱቫ የሚኖረው ልጁ ራጅኒል ስልክ ላከለት። በሦስተኛው ሳምንት ዴዮ የቁጠባ ሊቅ ሆነ።

ነገሩ በዘይት ተጀመረ። ሚስቱ ራምራጂ ዘይት ተወደደ ብላ ስታጉረመርም ዴዮ መነጽሩን አጥልቆ ስልኩን ጠየቀ። ስልኩም አንድ ጢሙ የቀላ ሰውዬ አመጣለት። ሰውዬው "እራት በኪስ ሳንቲም" እያለ ያበስላል። ከኋላው የቆመው ማቀዝቀዣ የሰፈራችንን አውቶቡስ ያህላል። የየት አገር ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ዴዮ ግን አምኖበት አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራኝ።

"ሱሉዌቲ! ለካ ዕድሜያችንን ሙሉ ስናባክን ነው የኖርነው!"

"ማን ነው ያባከነው?"

"ሴቶቹ ናቸዋ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሷ ላይ አልፈርድም። ያስተማራት የለም።"

ራምራጂ ሰምታዋለች። ራምራጂ ማለት በአንድ ጣሳ ዓሣ ሰባት ሰው አብልታ ለነገ ቁርስ የምታስተርፍ ሴት ናት። ኮኮናቱን ፍቃ ወተቱን ለወጥ፣ ፍቅፋቂውን ለዶሮ፣ ቅርፊቱን ለማገዶ ታደርጋለች። ከእጇ የሚያመልጥ ቢኖር የኮኮናቱ ጥላ ብቻ ነው። በመስኮት ብቅ አለችና፦

"እንግዲያው አስተምረኛ፣ የራጅኒል አባት" አለችው።

እኔ እሱን ብሆን ያንን ድምፅ እንደሰማሁ ስልኩን ጉድጓድ ውስጥ እጥለው ነበር። ዴዮ ግን ደስ አለው።

በማግስቱ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ ወረደ። ባለቀይ ጢሙ ሰውዬ "ርካሽ ነው" ካላቸው ነገሮች አንደኛው ሴለሪ የሚባል ረዥም አረንጓዴ ግንድ ነው። ሴለሪ እኛ ጋ አይበቅልም። ከኒው ዚላንድ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሱቫ ወርዶ፣ ሌላ መርከብ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። እንደዚያ የተጓዘ ማንም ፍጡር ይጠወልጋል፤ እሱም ጠውልጎ ነበር። ዋጋው ከአንድ ዶሮ ይበልጣል። ዴዮ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አልተመለሰም፤ ቁጠባ መሥዋዕትነት ይጠይቃል ብሎ ገዛው።

የዚያን ቀን ራምራጂ እሳቱ ዘንድ ቆመች፤ ዴዮ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ያነብላት ጀመር።

"'አሁን ከቁም ሳጥናችሁ ውስጥ የማይጠፋውን የወይን ኮምጣጤ አውጡ' ይላል።"

"የማን ቁም ሳጥን ነው?"

"የሁላችንም ነዋ! ለሰው ሁሉ እኮ ነው የሚናገረው።"

"የኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ያንተ የፋብሪካ ካኪና የበረሮ መድኃኒት ነው ያለው። የቱን ልጨምር?"

በሎሚ ተኩት። ዴዮ የተሠራለትን ነጭ ሾርባ በማንኪያ እየጠጣ "ቀላል ነው፣ ለሆድ ይስማማል" ሲል ሰማሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጓሮ በኩል ወደ እኔ ቤት መጣ።

"ሱሉዌቲ፣ ከምሳ የተረፈ ካሳቫ ይኖርሻል? ለፍየላችን ነው።"

ሰጠሁት። ፍየሏ ዘንድ ሳይደርስ አለቀ።

ይህም አላስተማረውም። እንዲያውም ባሰበት። ባለቀይ ጢሙ ሰውዬ አንድ ቀን ስጋ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ መድኅን የሆነ ዱቄት አለ አለ። "አረንጓዴው ተአምር" ይባላል፤ አንድ ማንኪያ ሾርባ ላይ ሲነሰነስ ጉልበት ይሰጣል፣ ደም ያጠራል፣ ፀጉር ያበቅላል። ዴዮ ራሰ በራ ነው። ራጅኒልን ደውሎ ለምኖ አስገዛው። ዕቃው አራት ሳምንት ከፈጀ በኋላ ፖስታ ቤት ደረሰ። ዴዮም ሕፃን እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣው። እኔም ይህን ሳላይ አልቀርም ብዬ ገባሁ።

ራምራጂ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተችው። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ከዚያ ወጥታ ፍየሏ ከታሰረችበት ዛፍ አንድ ዘለላ ቅጠል ቀጥፋ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከዱቄቱ ጎን አስቀመጠችው።

"ሽፈራው ነው" አለች።

"እ?"

"የሽፈራው ቅጠል ነው። ደርቆ ተፈጭቶ። ያውልህ ዛፉ።"

ዴዮ ዛፉን በመስኮት አየው። ባለፈው እሑድ ነው እንግዲህ ቅጠሉ ጣራዬን አቆሸሸው ብሎ ግማሹን ጨፍጭፎ ለፍየሏ የጣለላት።

"እንግዲያ ከዚህ ቤት በደንብ የምትበላው ፍየሏ ናታ" አልኩ፤ ምላሴን መያዝ ነበረብኝ። ራምራጂ እየሳቀች መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ዴዮ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገው፣ መልሶ አወለቀው። ሦስት ቀን ስልኩን አልነካም፤ ከኔም ጋር አልተነጋገረም።

ስልኩ ባለቤት አጥቶ መደርደሪያ ላይ ቢውል ጊዜ ራምራጂ አነሳችው። ፊደል እየለቀመች አልጻፈችበትም፤ እንደ ሰው አናገረችው። እሷ ደግሞ የሌላትን አልጠየቀችም። ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችና "ካሳቫ አለኝ፣ የጣሳ ዓሣ አለኝ፣ ሙዝ ተቆርጧል። ምን ልሥራ?" አለችው በሂንዲ።

ስልኩ ፊቷ የማይታይ፣ እጇ ብቻ የሚታይ አንዲት ሴት አመጣላት። የሴትየዋ ድስት ጠርዙ የተሸረፈ ነው፤ ራምራጂ በዚህ ተማረከች። እጆቹ ከሙዝ ዘለላ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ትልቁን ቀይ አበባ ልጠው፣ ከትፈው፣ እርድና ጨው ባለበት ውሃ ዘፈዘፉት፤ ከዚያ በሰናፍጭ ፍሬና በኮኮናት ጠበሱት። ከሥር ብዙ ሴቶች ጽፈዋል። አንዷ "ካልዘፈዘፋችሁት ይመራል" ትላለች፤ ሌላዋ "እጃችሁን ዘይት ቀቡ፣ አለዚያ ያጠቁራል" ትላለች። ራምራጂ ከሴትየዋ ይልቅ የእነዚህን ምክር አመነች። "ሠርተውት የተናደዱ ናቸው፣ አይዋሹም" አለችኝ።

ምሳ ላይ ቀረበ። ዴዮ ጎረሰ። ደገመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የሙዝ አበባ።"

"የኛ ሙዝ?"

"አዎ።"

ዴዮ እጁን ከሳህኑ አነሳ። ፊቱ ላይ ሦስት ቀን የጠፋው ብርሃን ቀስ እያለ ተመለሰ።

"የራጅኒል እናት፣ እስከ ዛሬ ይሄን አበባ ምን ስታደርጊው ኖርሽ?"

ሳህኑ ላይ ጨመረችለት።

"ቦይ ውስጥ ስትጥዪው አይቻለሁ። አርባ ዓመት! በዓመት ስንት ዘለላ ነው የምንቆርጠው?"

"ብላ።"

"ፍየሏ እንኳ አላገኘችውም!"

"ብላ አልኩህ!"

በላ። እሷም ቆይታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይፈልጋሉ፤ እሷ ያለውን ትናገራለች፣ እሱ ከሥር የተጻፈውን ያነብላታል። በባለቀይ ጢሙ ሰውዬ ገጽ ላይ ደግሞ ዴዮ ራሱ ጻፈ፦ "ላምባሳ ውስጥ ሴለሪ ከዶሮ ይወደዳል። በሱ ፈንታ ዶሮ መጠቀም ይቻላል?" መልስ አላገኘም፤ ግን አራት ሰው ወደደለት። ስልኩን ለአገሩ ሁሉ አሳየ፤ አራቱንም የአውቶቡሱ ሹፌር ሳይቀር አይቷቸዋል።

ሰኔ ላይ የራጅኒል ሚስት ልትወልድ ስትል ራምራጂ መርከብ ተሳፍራ ሱቫ ሄደች። ዴዮ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃው ፊት ብቻውን ቆመ። ኩሽናው ከኔ ልብስ ማስጫ አጠገብ ነው፤ ሱቫ ሲደውልላት ደግሞ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያናግራት። ያልሰማሁት የለም።

"የራጅኒል እናት፣ 'ጨው እንደ አስፈላጊነቱ' ይላል። ስንት ነው እንደ አስፈላጊነቱ?"

"የሚበቃውን ያህል።"

"በማንኪያ ንገሪኝ እንጂ! እኔ ሚዛን ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ቅመሰው።"

"ከቀመስኩት በኋላስ?"

"ካነሰ ትጨምራለህ።"

"ከበዛስ?"

ከወዲያ በኩል ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ፤ ራምራጂ እሹሩሩ አለችው፤ ከዚያ መለሰች።

"ከበዛ ለሱሉዌቲ ስጣት።"

ብዙም ሳይቆይ የአተር ክክ ወጥ በሳህን ይዞ አጥሩ ጋ መጣ። የሸሚዙ እጅጌ በእርድ ቢጫ ሆኗል። ቆሞ ፊቴን እያየ ጠበቀኝ። ጎረስኩና በትዕግሥት ዋጥኩ።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው፣ ባይያ" አልኩት፤ በነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለቴ ነው። "ውሃ ብቻ አምጣልኝ።"

ሮጦ ሄደ። ውሃውን ከነማሰሮው ይዞ ተመለሰ።