አንድ ክንዱ የተላጠ ወንበር

ሪደርቫልድ ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው እትዬ ሙሉ ጀርመኖቹ አልተንሃይም የሚሉት የአረጋውያን ቤት ሊገቡ ነው። የአረጋውያን ቤቱ የፈቀደላቸው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የመረጡት ድሮ አንዲት አሜሪካዊት አሠሪያቸው የሰጠቻቸውን አረንጓዴ ባለ ክንድ የእንጨት ወንበር ነው። እኔ እንግዲህ ስለ ጥንት የአሜሪካ ዕቃዎች ከቪዲዮ ብዙ ተምሬያለሁና አስረዳ ሳልባል ተንበርክኬ መረመርኩት።

«እትዬ፣ ተሸውደዋል! ወንበር በዕድሜ ሲያረጅ የሁለቱም ክንዶች ቀለም ነው የሚለቀው። የዚህ ግን የቀኙ ብቻ ተላጧል። አንዱ አጭበርባሪ ጥንታዊ ለማስመሰል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል ማለት ነው። ይጣል፣ ቴሌቪዥኑን ይውሰዱ።»

ያልገባቸው መስሎኝ ግራ ክንዱን እየነካሁ ደገምኩላቸው፤ «ይኸው፣ እዚህ ጋ እጅ አርፎበት አያውቅም!»

«እውነትህን ነው» አሉ። «ዮናስ ልጄ ግራ እጁ ከተወለደ ጀምሮ አይታዘዝለትም ነበር። እስኪሞትብኝ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠው እዚሁ ላይ ነው።»