ለእንግሊዛዊው የጻፍኩለት የሕይወት ታሪክ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የቀበሌያችን ኪነት ጊታር መቺ ነበርኩ። ዘፋኛችን አንድ እንግሊዛዊ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፋኝ በካሴት ሰምቶ፣ የሱን ዘፈን ካልዘፈንኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የኪነት ኮሚቴው ሊቀመንበር ግን የሰውዬው የሕይወት ታሪክ ካልቀረበ አይሆንም አሉ። ያኔ ማንም ቢሆን የየትኛው መደብ ልጅ እንደሆነ ሳይጽፍ እንኳን መዝፈን፣ ማጨብጨብም አይፈቀድለትም ነበር።

እንግሊዝኛ ትሞክራለህ ተብዬ ጽሑፉ እኔ ላይ ወደቀ። ስለ ሰውዬው የማውቀው በካሴቱ ሽፋን ላይ የለበሰውን የሚያብለጨልጭ ኮት ብቻ ነው። ስለዚህ አባቱን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ አደረግኩት፤ እናቱን ልብስ አጣቢ፤ እሱን ደግሞ አድማ መርቶ ከፋብሪካ የተባረረ ወዛደር። ሴት ጥላው ሄዳ የሚነፋረቅበትን ዘፈን፣ ለዓለም ጭቁኖች የተለቀሰ ነው አልኩ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ሲያነቡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ከእናንተ መሃል እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ማን ነው?” ብለው ሁላችንም የየራሳችንን ጽፈን እንድናመጣ አዘዙ።

እኔ ጅሉ እውነቱን ጻፍኩ። አባቴ ወለንጪቲ ውስጥ አንዲት ወፍጮ ነበረቻቸው። በሳምንቱ የበዝባዥ ልጅ ተብዬ ጊታሩን አስረከብኩ።

እንግሊዛዊው ግን አለፈ። በአብዮት በዓል ሊቀመንበሩ በማይክሮፎን “የከሰል ቆፋሪው ልጅ ጓዳችን!” እያሉ ዘፈኑን ሲያስተዋውቁ፣ ልጁንም አባቱንም የፈጠርኳቸው እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ አጨበጨብኩ።