ትልቁ ፋይል

በደሴቲቱ ወደብ፣ በአውኪ ገበያ፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጀርባ፣ ኢሮፊያላ ላፕቶፑን ዘርግቶ ዘፈን ይጭናል። ደንበኛው ከየመንደሩ በጀልባ መጥቶ ሜሞሪ ካርዱን ያቀብልና «እስኪጠግብ ሙላልኝ» ይለዋል። ብዛት እንጂ ጥራት የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እጁ የገባውን ሁሉ ከድምፁ ቆርጦ ወደሚያሳንሰው ትንሹ የፋይል ዓይነት ይቀይራል፤ ትልቁን ወዲያው ይሰርዛል። ያ አሮጌ ላፕቶፕ ቦታ የለውማ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ከሰው ጋር እያወራ ነው። ልማድ ክፉ ነው።

አባቱ ማኤላዋ የጎሳውን የአባቶች ዜማ የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው ነበሩ። ዜማው አባቶች ወደ ደሴቲቱ ከመጡበት ከመጀመሪያው ታንኳ ጀምሮ ስም በስም እየወረደ እስከ ልጆቻቸው ይደርሳል፤ የሚዜመውም ከደረት ሥር በሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው። ኢሮፊያላ ከቤተ ክርስቲያን መቅጃ ተውሶ ቀዳቸው። ፋይሉን ከጊታር ዘፈኖቹ ጋር አንድ ላይ ከተተ፤ ሁሉንም አሳነሰ፤ ትልልቆቹን ሰረዘ፤ መቅጃውንም አጽድቶ መለሰ። ምን እንዳደረገ እንኳ ልብ አላለውም።

ሽማግሌው ሞቱ። በሐዘን ማብቂያው ግብዣ ላይ ዜማውን መሸከም ያለበት ታናሹ ልጅ ኩዋሌያ ነው፤ የኢሮፊያላ ድምፅ ለዚህ አይሆንም። ኩዋሌያ ቅጂውን በስልኩ ከፈተና ወንድሙን ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ አባባ አፋቸውን በትራስ አፍነው ነው እንዴ ያዜሙት?»

«ስልክህ ነው።»

«ስልኬ ምን አደረገህ? በል እስቲ ባንተው ላፕቶፕ እንስማው።»

ሰሙት። ወፍራሙ ድምፅ በወረደ ቁጥር ስሞቹ ወደ ጉርምርምታ ይለወጣሉ። ኢሮፊያላ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ከፋይሉ ስም ኋላ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ዓይነቱን የሚናገሩትን ፊደላት አጥፍቶ የትልቁን ዓይነት ፊደላት ጻፈ። ደንበኛ እንዲህ ሲያደርግ «ቆብ የደፋ ሁሉ ቄስ አይሆንም» እያለ የሚስቅ ሰው ነበር። ላፕቶፑ አልከፍትም አለ። ከዚያ በመቀየሪያው ፕሮግራም ሞከረ፤ ፋይሉ ተነፍቶ ትልቅ ሆነ።

አጎታቸው ቶአታ ጠጋ አሉ። «ይኸው አደገልህ። አጫውተው።»

ያው ጉርምርምታ።

«ትልቅ ሆኖ የለም እንዴ?»

«ያደገው መያዣው ነው፣ አጎቴ። ውስጡ ያው ነው።»

«ታዲያ የወጣውን መልሰዋ።»

«አይመለስም።»

«አንተ፣ የአባትህን ድምፅ እንደ ገበያ ዘፈን?»

ኢሮፊያላ የተሰረዘውን ሊፈልግ ቢሞክርም በቦታው ሌሎች ዘፈኖች ከተጫኑበት ቆይቷል። ቶአታን «ዜማውን እርስዎ አያውቁትም?» ቢላቸው፣ «የታላቄን ሸክም እኔ መቼ ተሸክሜ አውቃለሁ?» አሉት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ኢሮፊያላ ይህን ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ እጁ ግን አያውቅም ነበር።

በግብዣው ቀን አሳማው በጋለ ድንጋይ በስሎ ተቆረሰ። ኩዋሌያ ተነስቶ አዜመ። የሰማውን ብቻ ነበር ያጠናው፤ ስሙ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ላይ ስሙን ጠራ፤ ጉርምርምታው ላይ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ፣ ከደረቱ ሥር፣ ልክ እንደ ቅጂው አጉረመረመ። ከሌላ መንደር የመጡት እንግዶች ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ቶአታ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወጣቶቹ ሊያጠኑት ስልካቸውን አውጥተው ይቀዳሉ።

ኢሮፊያላ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ሰማ። እዚያ ጉርምርምታ ውስጥ የጠፉት የገዛ አባቶቹ ናቸው። ስማቸውን እሱም አያውቀውም።