በፀሐይ የሚያይ ማይክሮስኮፕ

በ1977 ዓ.ም. ክረምት አዋሳ ላይ ፀሐይ ጠፋች። ደመናው ሐይቁ ላይ ተኝቶ አልነሣ አለ። በዚያው ሰሞን የሁለት ዓመት ልጄን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያዛት። ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሟን በዚሁ ሕመም ቀብሬ ነበር። ምን እንደ ገደለው የነገረኝ የለም። ሰጪውም ነሺውም እርሱ ነው አልሁ። ሁለተኛ ይህን ለማለት ግን አፌ እንቢ አለኝ።

ጤና ጣቢያው ከመናኸሪያ ብዙ አይርቅም። ሐኪሙ በፊት የሰጣት ሽሮፕ አልረዳትም። «አሜባ ከሆነ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ሰገራዋ ሳይታይ ማዘዝ አልችልም» አለኝ።

ላቦራቶሪው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ባለሙያው ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አስጠግቶ፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መስተዋት ወደ ሰማይ አዙሯታል። መስኮቱ ራሱ ጭቃ ተረጭቶበታል። በክብሪት ቀፎ የያዝሁትን ከፍቶ አየና መለሰልኝ።

«ይሄ ቀዝቅዟል፣ እህቴ። አሜባ የሚታወቀው ሲንቀሳቀስ ነው። ከሞተ ከሌላው አልለየውም። ትኩስ አምጪ።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም። ትኩስ ብታመጪም ፀሐይ ከሌለች አላይም። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣት አለባቸው።»

ብልቃጥ ሰጠኝ። ልጄን አዝዬ ግቢው ውስጥ ዋልሁ። ሌሎችም እናቶች ነበሩ፤ ሁላችንም ቀና ብለን ሰማይ እናያለን። የልጅ ልጃቸውን ያቀፉ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ሳቅ አሉ።

«ፀሐይ ለበርበሬ ስለምን ኖሬ፣ ዛሬ ለዚህ ልለምን?»

«እማማ፣ በርበሬዎን ያደረቀ አምላክ ይህንንም አይንቅም።»

«እሱስ አይንቅም። እኔ ምን ብዬ ልንገረው?»

ሳቅን። ከዚያ ዳግመኛ ወደ ሰማይ ቀና አልን።

የጸሎት ቤታችን በዚያን ጊዜ በመንግሥት ታሽጎ ነበር። ድምፅ ሳላሰማ መጸለይ ለምጃለሁ። ያን ቀን ግን ቃል አጣሁ።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች። ልጄን አወረድኋት፤ ምንም አልወጣትም። ሌሎቹ ብልቃጣቸውን ይዘው ሮጡ። እኔ ብርሃኑ ግቢውን ሲሞላ፣ ከዚያም ሲጠፋ ቆሜ አየሁ። ልጄ ስታለቅስ እንባ አልነበራትም፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። የወንድሟም ፊት እንዲህ ነበር የሆነው። «ይህችንም?» አልሁ። ጸሎት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አቃሰተች። የወጣው ንፍጥና ደም ብቻ ነው። በብልቃጡ አድርጌ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ገባሁ።

«ብልቃጡን ከደረትሽ አታውጪው» አለኝ ባለሙያው። ደመናውን እያየን ቆምን። እማማም የራሳቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ።

መስተዋቷ በድንገት ነጣች። ከብልቃጡ ጥቂት ወስዶ፣ በለብ ያለ የጨው ውኃ ጠብታ በጥብጦ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ አደረገ። አጎነበሰ። ብዙ ፈለገ።

«ነይ፣ እይ።»

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ግራጫ ነገር ነው። ከጎኑ እንደ ጣት ያወጣል፤ ከዚያ መላ አካሉን ወደ ጣቱ ያፈስሳል።

«ውስጡ ያሉት ክብ ክቦች ምንድን ናቸው?»

«የልጅሽ ደም ነው። ውጦት ነው።»

ምናልባት ወንድ ልጄን የገደለውም ይኸው ነበር። ተመስገን አልሁ። በዚያ ክረምት ጥርት አድርጌ ያየሁት ያን ግራጫ ነገር ብቻ ስለ ነበር ይሆናል። ቀና ስል ክፍሉ ጨልሟል። እማማ ብልቃጣቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

ሐኪሙ ያዘዘላትን ኪኒን ፈጭቼ በማንኪያ አጠጣኋት፤ ግማሹን መለሰችው።

ሲነጋ በሕይወት ነበረች። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም። ከቀበሌ ሱቅ የደረሰችኝን ሳሙናና አንድ ጨርቅ ያዝሁ። ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ደረስሁና የላቦራቶሪውን መስኮት ከውጭ አጠብሁት።