ቤንዚን የጠጣችው ጎሚኒ

ያን ዕለት የሠራሁት ሞኝነት ከንጽሕና የመጣ ነው። ስንት ዘመን የሰው መኪና አጥቤ፣ አንዲት ያለቀች ጎሚኒ፣ የፓምፕ የላስቲክ ቀለበት፣ ከነእድፏ ለናሙና ይዤ ሱቅ መግባት አሳፈረኝ። ስለዚህ በዋዜማው ማታ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፍኳት። ጠዋት አውጥቼ ስወለውላት እንደ ሙሽራ አበራች። ለካስ አብጣ ኖሯል።

ከቁስቋም በታች ያለችው ላቫጇችን ፓምፕ ውኃ የሚገፋው በሦስት ጎሚኒዎች ነው። እነሱ ሲያልቁ ውኃው ከመርጫው ሽጉጥ አፍ እንደ ሽማግሌ ሽንት ይንጠባጠባል፤ የማውቀውን ነው የምናገረው። ፓምፑ ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። የመኪናውን ውስጥ የምታጸዳው ሸሪኬ፣ ባሏ የሞተባት የጭልጋ ሴት፣ ግማሹን የከፈለችው በሬዎቿን ሸጣ ነው። ሦስት ቀን ሥራ ከፈታን በኋላ፣ «አያ፣ እስከ እሑድ ካልተሠራ ፓምፑ ይሸጥና ድርሻዬን ይስጡኝ። ልጆቼን ይዤ መተማ ሰሊጥ አጨዳ እወርዳለሁ» አለችኝ። የተበላሸ ፓምፕ ማን ይገዛል?

ፒያሳ ያለው ነጋዴ፣ አባቱንም ከዚያው ባንኮኒ ኋላ የማውቀው፣ ፓምፑ ከነሙሉው ካልሆነ ጎሚኒው ለብቻው አይመጣም አለኝ። ያም የተዘጋው መንገድ ሲከፈት ነው። ብቻ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ከቆርቆሮ ሳጥን የሌላ ፓምፕ ጎሚኒዎች አውጥቶ ከናሙናዬ ጋር ለካ።

«ልኩስ ልክ ነው። ግን ለእንዲህ ያለ ፓምፕ አልተለቀም?»

«እኔ መኪና ማጠብ ስጀምር አንተ አልተወለድክም።»

እውነት ነው፣ አልተወለደም። ሸሪኬ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችኝን ብር አስረክቤ ወጣሁ።

አዲሱ ጎሚኒ ፓምፑ ውስጥ አልገባ አለ። በመዶሻ እጀታ ስገፋው አንዱ ተሰነጠቀ። አሮጌዋን ከኪሴ አውጥቼ ሳስተያይ፣ ቤንዚኑ ተኖ ወደ ጥንት ልኳ ተመልሳለች።

«ምነው አያ፣ ልብስ መሰለችዎት የዘፈዘፏት?» አለች ሸሪኬ። አልሳቀችም። የተሰነጠቀ ዕቃ ነጋዴው እንደማይመልስ ሁለታችንም እናውቃለን። ጨርቆቿን ሰብስባ መቋጠር ጀመረች።

የኛ ዓይነት ፓምፕ ያለው ወለቃ መንገድ ዳር የሚያጥበው ተፎካካሪያችን ብቻ ነው። እሱ ዘንድ ያልሄድኩት በምክንያት ነበር። በአሸዋማ ውኃ እያጠበ ቀለም ይልጣል ብዬ ለሾፌሮች ያስወራሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ውኃው ከኛ ይጠራል።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። አይሱዙ እያጠበ አገኘሁት። ጎሚኒዋን መዳፌ ላይ አገላብጦ አያት።

«ቤንዚን ነክቷታል?»

«እንዴት አወቅህ?»

«እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።»

ከሞተ ፓምፑ ሦስት ጎሚኒዎች ፈታልኝ፤ ያገለገሉ ግን ሸጋ ናቸው። ስንት ልክፈል ስለው፣ ሽጉጡን እያነሳ፣ «አያ፣ ስለ አሸዋው ለነገሯቸው ሾፌሮች ውሸት መሆኑን ይንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ሳይደርስ ፓምፑ እንደገና ጮኸ። ሸሪኬ ጨርቆቿን ፈታች። «እስኪ እስኪያልቁ ልቆይ» አለች። ጎሚኒዎቹን ይሁን እኔን፣ አልጠየቅኋትም።

ለአምስት ሾፌሮች እየተኮላተፍኩ ተናገርኩ። ሁለቱ ሳቁብኝ፤ አንዱ ድሮም አላመንኩህም አለኝ። የቀረኝ መጀመሪያ የነገርኩት ነው፤ ወሬዬን አምኖ ሦስት ሚኒባሶቹን ከወለቃ ወደኛ ያዞረው። የሸሪኬ ልጆች የሚበሉት በአብዛኛው ከእነዚያ ሚኒባሶች ነው። ትናንት መጥቶ ነበር። ጎማዎቹን ሳይቀር ሁለት ጊዜ አጠብኩለት፣ አፌን ግን አልከፈትኩም።