አባቴ ያላቃጠሉት ደብተር

ሰው የሚያውቀኝ በአንድ ግጥም ነው፤ አባቴ የግጥም ደብተሬን ስላቃጠሉበት ቀን በሚናገረው። አባቴ ደብተሬን አላቃጠሉም።

ጉና ተራራ ሥር ባለችው ትንሽ ከተማ በገሳይ ተማሪ ሳለሁ፣ ስለ ተራራው ጉምና አይቼው ስለማላውቅ ፍቅር እጽፍ ነበር። አንድ ክረምት ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። አባቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ገጹን አንድ በአንድ እየገለጡ አደረቁልኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ ብለው ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አያሳርፉም ነበር።

ደብረ ታቦር ለትምህርት ስገባ ከገጣሚዎች ጋር ገጠምሁ። ሁሉም የሚጽፉት ስለ ቁስላቸው ነው። እኔ ምን ቁስል አለኝ? ጠግቤ፣ ተወድጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያልተሰቃየ ገጣሚ ደግሞ ገጣሚ አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ «የሕይወቴ ታሪክ» ብዬ ረጅም ግጥም ጻፍሁ። እዚያ ውስጥ አባቴ ደብተሬን እሳት ውስጥ ይጨምሩታል፤ እኔም ከአመዱ ገጣሚ ሆኜ እነሣለሁ። ማማሩ ደግሞ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ አነበብሁት። ጭብጨባው ሲያበቃ ቀና ብል፣ ለገበያ የመጡት አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል። «ጎሽ ልጄ» ብለውኝ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ስለ ደብተሩ ምንም አላሉም። እኔም ፈርቼ አላነሣሁትም።

በዐቢይ ጾም ቤት ስሄድ አባቴ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጓሮ ይሰግዳሉ። እናቴን ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ያንን የደብተርሽን ነገር ተናዝዘው፣ የነፍስ አባታቸው ስግደት አዘዙባቸው» አለችኝ።

በቁሜ አፈርሁ። እውነቱን ልነግራቸው ወደ ጓሮ ሮጥሁ። ግንባራቸው ላይ አፈር ነበር። ቀድመውኝ ተናገሩ።

«እኔስ ትዝ አይለኝም፣ ልጄ። ግን አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ከጻፍሽው ሳላደርገው አልቀርም። ይቅር በይኝ።»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው ግን ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለት ግጥም ውሸት ሊሆን ነው፤ እኔም ውሸታም።

«ይቅር ለእግዜር» አልኋቸው።

ፊታቸው ፈካ። ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ የቀራቸውን ስግደት ቀጠሉ።