የታሸገው ፖምፓ

ካቻምና ጥቅምት ላይ፣ ማትሪክ ተፈትኜ ሥራ ስፈልግ የሆነ ነው። እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሸሕዲ ላይ የምንተዳደረው በትንሽ የሰሊጥ ማሳና በአንዲት አሮጌ ካሚዮን ነው። በውትድርናቸው የነዷት ናት፤ ሠራዊቱ ሲጥላት በሐራጅ ገዟት። ሰው መምጣታችንን የሚያውቀው በጡሩንባዋ ሳይሆን በጭሷ ነው።

በዚያ ዓመት ጭስ የምታበዛ መኪና ቦሎ አይሰጣትም ተባለ። ያለ ቦሎ ደግሞ ኬላ አይታለፍም። ጎንደር ወሰድናት። መካኒኩ የናፍጣ ፖምፓዋን ብሎን አዙሮ የምትጠጣውን ናፍጣ ቀነሰውና ጭሱ ጠፋ። መርማሪው ቦሎውን ሰጠን፤ ፖምፓው ተመልሶ እንዳይነካ ግን በሽቦ አስሮ በእርሳስ አሸገው። ሽቦው ከተቆረጠ ቦሎው ይሰረዛል አለን።

ለካ ከጭሱ ጋር ጉልበቷም ሄዷል። ከጎንደር ወደ ሸሕዲ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አላወቅነውም።

በማግስቱ የጎጃም አጫጆች ጭነን ወደ ማሳችን ተነሣን። ሰሊጡ ደርሷል፤ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል። የዓመት ጉርሳችን እሱ ነው። ገና የመጀመሪያው አቀበት ላይ ካሚዮኗ ቆመች። ሰዎቹ ወርደው ገፉ፤ ደግመው ገፉ። አንድ ሽማግሌ ላባቸውን እየጠረጉ፣ "አንቺ ልጅ፣ የቀጠራችሁን ለማጨድ ነው ለመግፋት?" አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አባቴን ሽቦውን እንቁረጠው አልኳቸው። የመንግሥት ማኅተም አልነካም አሉ። ሰሊጡስ ብላቸው ጀሪካኑን አነሡ። ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ፒንሳ አንሥቼ ቆረጥኩት። መካኒኩ ሲያዞረው ያየሁትን ብሎንም ወደ ኋላ መለስኩት። አባቴ መጥተው አዩት፤ ወጥተውም መሪውን ያዙ። ካሚዮኗ አቀበቱን ወጣች፣ ጭሷም እንደ ድሮው።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ጭሱን አይቶ ኮፈኑን አስከፈተ። ይኸኔ የሠራዊቱ ካሚዮኖች፣ የእኛዋ እህቶች፣ ጥቁር ጭስ እየተፉ አለፉ። ፖሊሱ በግራ እጁ አፍንጫውን ይዞ በቀኙ ሰላምታ ሰጣቸው። ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ "ሽቦውን ማን ቆረጠው?" አለ።

አባቴ ቀደሙኝ። "እኔ ነኝ፣ ጓድ" አሉ።

አራት ቀን ታሰሩ። ካሚዮኗ ተያዘች፤ አጫጆቹም ሌላ ቀጣሪ ፍለጋ ተበተኑ። ማሳው ስደርስ ሰሊጡ መሬት ላይ ፈሷል።

ሲፈቱ ለምን ዋሹ አልኳቸው። አንቺ ብትናገሪ ሰሊጡ ይመለስ ነበር ወይ አሉኝ። አይመለስም። ጭስ የሚከለከለው ለማን አፍንጫ እንደሆነም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ግን ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ አፌን የማልይዝ ልጅ ሆኜ፣ አባቴን ሲወስዷቸው "እኔ ነኝ የቆረጥኩት" ሳልል ቆሜ ማየቴ ነው።